ተደፈርሁ ብላ የመጣችን ሴት ስለ መቀበል

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት መከባበር ጽሑፍ ማቅረብ የተለመደ ነው። የዛሬው ነገራችን ግን በማዕድ ዙሪያ የማይነሣ፣ በእንግዳም ፊት የማይነገር ነው። ይኸውም ለአካለ መጠን የደረሰች አንዲት ሴት «በግድ ተደፈርሁ» ብላ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በመጣች ጊዜ አቀባበሏ እንዴት ሊሆን እንደሚገባ ነው። ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ «ይህ የፖሊስና የዳኛ ሥራ ነው እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን ያች ሴት የአንዱ ልጅ፣ የሌላው እኅት፣ የሌላውም ሚስት ወይም እናት ናት፤ ወደ ጣቢያው የምትሄደው ከቤት ተነሥታ ነው፤ የምትመለሰውም ወደ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ክቡራን ብዙዎቹ በወረዳና በከተማ አስተዳደር የተሾሙ፣ ጣቢያውን የሚቈጣጠሩ፣ በሽምግልናም ተጠርተው የሚቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በግልጥ ቃል፣ ለተበዳይቱም ክብር በሚገባ ጥንቃቄ ለማቅረብ ወደናል።

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ዓይነቱ በደል ሥሩ የሚገኘው ተበዳይቱ ቃሏን በሰጠችበት በመጀመሪያው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በርኅራኄና በሥርዓት የተቀበሏት እንደሆነ ቃሏ ይጻፋል፤ ሐኪም ያያታል፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ይያዛል፤ ነገሩም ወደ ዳኛ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ያሳፈሯት፣ የተጠራጠሯት ወይም «ነገ ተመለሽ» ያሏት እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዐቃቤ ሕግ ቢመራመር፣ ዳኛም ቢጠነቀቅ የጠፋውን ሊመልሰው አይችልም። እንግዲህ የጽሑፋችን ሐሳብ በጠቅላላው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው አቀባበል ራሱ የፍርድ ክፍል ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ቆሼ የማረቆ ሕዝብ ዋና ከተማ ናት። የማረቆ በርበሬ በየገበያው የታወቀ ስለሆነ፣ አገሩን ያላየው ሰው ስንኳ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና መምህራን በስዊድን አገር ካለው ከኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፣ ያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ተብሎ በአንድነት ይጠራ በነበረው ወረዳ፣ በተመረጡ ቀበሌዎች የሕዝቡን ልደትና ሞት፣ ሕመምና ጤና የሚመዘግብ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተባለ ሥራ አቋቋሙ። ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ግፍ በዐሥር አገሮች 24,000 የሚያህሉ ሴቶችን ባስጠየቀ ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ የተመረጠው ስፍራ ይኸው የቡታጅራ አካባቢ ሆነ።

በ1994 ዓ.ም. በዚያ አገር 3,016 ሴቶች ተጠየቁ። ውጤቱም በ1998 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ ከዐሥሩ አገሮች ሁሉ ከፍተኛ ቍጥር ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ሆኖ ተገኘ። ባል ወይም ወዳጅ ከነበራቸው ሴቶች መካከል 49 ከመቶ የሚሆኑት ድብደባና ይህን የመሰለ የአካል ግፍ፣ 59 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ያለ ፈቃዳቸው የግብረ ሥጋ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የደረሰባቸው 71 ከመቶ ነበሩ። ይህን ቍጥር የምንጽፈው የአገሩን ሕዝብ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሌላው አገር በዚያው ዓይነት ጥንቃቄ ቢጠየቅ ምን እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ይልቁንም ልናስተውለው የሚገባን ነገር እነዚያ ሴቶች ለመናገር የቻሉበት ምክንያት ነው።

ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች ስለ አጠያየቁ ጥብቅ ደንብ አውጥተው ነበር። ጠያቂዎቹ ሴቶች ሆኑ፤ ወደ ሥራው ከመግባታቸውም በፊት ረዘም ያለ ሥልጠና ተሰጣቸው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቅ ነበር። ንግግሩ ባልም አማትም ጎረቤትም በማይሰማበት ስፍራ ይደረግ ነበር፤ በመካከል ሰው የመጣ እንደሆነ ጠያቂዋ ወዲያው ነገሩን ወደ ሌላ ትለውጥ ነበር። ለመናገር ያልፈቀደች ሴት አትገደድም ነበር፤ የተናገረችውንም አይፈርዱባትም፣ አይገሥጿትም ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ «የእኛ አገር ሴት ገመናዋን አታወጣም» የሚባልላት ሴት፣ የሚሰማት ስታገኝና ምሥጢሯ እንደሚጠበቅላት ስታምን ተናገረች። ዝምታዋ የተፈጥሮ ጠባይ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ።

በዚያው ጥናት በልዩ ልዩ አገሮች በባላቸው ከተደበደቡት ሴቶች ከ55 እስከ 95 ከመቶ የሚሆኑት ለፖሊስም ሆነ ለሌላ ረዳት ድርጅት አቤት ብለው እንደማያውቁ ተገልጧል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት የአካል ወይም የግብረ ሥጋ ግፍ ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ርዳታ የፈለጉት 23 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ 66 ከመቶ የሚሆኑት ርዳታ አልፈለጉም፣ ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ አንዲት ሴት የጣቢያውን ደጅ ረግጣ የገባች እንደሆነ፣ ብዙ እኅቶቿ ሊያልፉት ያልቻሉትን ወንዝ ተሻግራ የመጣች መሆኗን መርማሪው ማወቅ አለበት።

አሁን ደግሞ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣ ቢሆንም፣ በዳዩ ተበዳይቱን በኋላ ያገባት እንደሆነና ጋብቻው የጸና ከሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በዚህም ምክንያት ጠልፎ ደፍሮ፣ ሽማግሌ ልኮ ማግባት እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ ይቈጠር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። ይህ ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ድርጊቱ በብዙ ሰዎች ኅብረት ወይም በጭካኔ የተፈጸመ እንደሆነ፣ ወይም በሕመምና በእርጅና ምክንያት ነገሩን ለመረዳት በማትችል ሴት ላይ የተደረገ እንደሆነ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ያስከተለ እንደሆነም ዕድሜ ልክ ነው። በአንቀጽ 587 ደግሞ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባት እንኳ ከቅጣት አይድንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚደረገው ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰው «ባሏ ከሆነ ፖሊስን አያገባውም» ሲል ይሰማል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትና የአካል ጉዳት እንደ ማናቸውም ወንጀል እንዲያስቀጣ ደንግጓል። ስለዚህ ባሏን ከስሳ የመጣች ሴት ብትሆንም ቃሏ ይሰማል፣ ይጻፋል፣ ሐኪምም ያያታል፤ የወንጀሉን ስም የመለየቱ ሥራ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ስለ መርማሪው ተግባር ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ አንቀጽ አለው። በዚህም አንቀጽ መርማሪ ፖሊስ የቀረበለት ክስ ወይም አቤቱታ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ የመመርመር ተግባሩን መፈጸም እንዳለበት ተጽፏል። ሕግ አውጪው ይህን ቃል በከንቱ አልጻፈውም። ሰው ሁሉ በፊቱ የሚቀመጠውን አቤት ባይ አይቶ በልቡ መፍረዱ አይቀርም፤ ልብሷን፣ አነጋገሯን፣ የመጣችበትን ሰዓት ይመዝናል። ሕጉ ግን መርማሪውን «ሚዛኑን ለዳኛ ተው፤ አንተ ፈልግ፣ ጠይቅ፣ ጻፍ» ይለዋል። ማመንም አለማመንም የመዝገብ መክፈቻ አይደለም።

እንግዲህ መልካም ሥርዓት ያለው ጣቢያ ሊያደርገው የሚገባውን በየተራው እንዘረዝራለን።

አንደኛው፣ ቦታው ነው። ተበዳይቱ በጥበቃ በር ላይ ቆማ፣ ወይም ባለጉዳይ በሞላበት አዳራሽ ውስጥ የመጣችበትን ምክንያት እንድትናገር መጠየቅ አይገባም። በር ላይ ያለው ፖሊስ «የግል ጉዳይ አለኝ» ማለቷ ብቻ በቅቶት ወደ ውስጥ ሊያስገባት ይገባል። በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና የሚጠጣ ውሃ ቢኖር ለዚህ ሥራ ይበቃል። የሴት ፖሊስ ካለች እርስዋ ትስማት፤ በብዙ ጣቢያዎች ለሴቶችና ለሕፃናት ጉዳይ የተለየ ክፍል የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ሴት ፖሊስ በሌለችበት ሰዓት ግን «እስክትመጣ ጠብቂ» ብሎ ማሳደር ተገቢ አይደለም፤ በሥርዓት የሠለጠነ ወንድ መርማሪም በትሕትና ሊቀበላት ይችላል። የምታምናት ዘመድ ወይም ጓደኛ ከአጠገቧ እንድትቀመጥላት የወደደች እንደሆነም ይፈቀድላት።

ሁለተኛው፣ ቋንቋው ነው። በቆሼና በአካባቢዋ የማረቆን ቋንቋ፣ የመስቃንን ጉራጊኛ፣ ስልጥኛን፣ ኦሮምኛንና ዐማርኛን የሚናገር ሰው ይገኛል። አንዲት ሴት በገበያ የምትገበያይበት ዐማርኛ ይህን የመሰለውን ኀዘን ለመናገር ላይበቃት ይችላል። አስተርጓሚ ያስፈለገ እንደሆነ የተከሳሹ ዘመድ፣ የባሏ ወገን ወይም በደጅ የተገኘ አላፊ አግዳሚ ሊሆን አይገባውም፤ ምሥጢር ለመጠበቅ ቃል የሚገባ፣ በተቻለም ሴት የሆነች ትሁን። ያለዚያ የተጻፈው ቃል የአስተርጓሚው እንጂ የተበዳይቱ አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ሕክምናው ነው። ከረጅም ጥያቄ በፊት ሕይወቷና ጤንነቷ ይቅደም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ የተጀመረ እንደሆነ ነው፤ ፈጥኖ ሲጀመርም የበለጠ ይጠቅማል። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያም እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ቢችልም የዘገየ እንደሆነ ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ አጭር ቃል ተቀብሎ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፣ የሚያስፈልግም ከሆነ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ማድረስ የመርማሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል። ለመሳፈሪያ ገንዘብ ስለ ሌላት ብቻ ሰዓቱ ያለፈባት ሴት ሁለት ጊዜ ተበደለች ማለት ነው። በአንጻሩም ወደ ሐኪም አስቀድማ የሄደችን ሴት «መጀመሪያ የፖሊስ ወረቀት አምጪ» ብሎ ሳያክሙ መመለስ አይገባም። ከተደፈረችበት ነገር ያረገዘች እንደሆነም፣ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 551 እና 552 ጽንሱን በሕክምና ለማቋረጥ የራሷ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ እንዲሆን ስለ ፈቀደ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አትባልም።

አራተኛው፣ ማስረጃውን መጠበቅ ነው። የተደፈረች ሴት አስቀድሞ የምትመኘው ገላዋን መታጠብና ልብሷን ማጠብ ነው፤ ይህም የሰው ጠባይ ስለሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ብዙ ምልክት ይጠፋል። የሚቻል ከሆነ ሐኪም ሳያያት ባትታጠብ፣ የለበሰችውንም ሳታጥብ ይዛ ብትመጣ መልካም ነው። ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ እንጂ በላስቲክ አይታሰር፤ በላስቲክ የታፈነ ርጥበት ምልክቱን ያበላሸዋልና። የታጠበች እንደሆነም «እንግዲያው ምን ማስረጃ አለሽ» ተብላ አትመለስም፤ የመሬቱ ሁኔታ፣ የሰማ ወይም ያየ ሰው፣ የስልክ መልእክት፣ ወዲያው የነገረቻት ጎረቤት ቃል፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። ሐኪሙም ሲመረምራት በፈቃዷ ይሁን፤ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በአንቀጽ 34 ተበዳይ ካልፈቀደ ገላው እንዳይመረመር ደንግጓልና። ስለ ድንግልና መመርመር የሚባለው ልማድ ግን ሴት መደፈሯንም አለመደፈሯንም እንደማያስረዳ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በአንድነት ገልጠው እንዲቀር ጠይቀዋል።

አምስተኛው፣ አጠያየቁ ነው። መርማሪው «የሆነውን ሁሉ እንደ ወደድሽው አድርገሽ ንገሪኝ» ብሎ ይጀምር፤ ሳያቋርጥም ይስማ። «ለምን አልጮኽሽም? ለምን በማታ ወጣሽ? ምን ለብሰሽ ነበር? ለምን እስከ ዛሬ ቆየሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች በጥያቄ ስም የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ታላቅ ፍርሃት የያዘው ሰው እንደ በድን ደርቆ መንቀሳቀስም መጮኽም ሊሳነው እንደሚችል፣ የደረሰበትንም ነገር በተከታታይ ማስታወስ ሊያቅተው እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። በገላዋ ላይ ቍስል አለመታየቱም ፈቃደኛ ነበረች አያሰኝም። ቃሏ በራሷ አነጋገር ይጻፍ፤ ቀኑ ይመልከትበት፤ ተነቦላት «እንዲህ ነው» ካለች በኋላ ትፈርምበት። ማንበብ የማትችልም ብትሆን ይነበብላታል እንጂ ጣቷን ብቻ አታኑር። አንድ ጊዜ በሚገባ የተጻፈ ቃል ካለ፣ ያንኑ ነገር ለአራትና ለአምስት ሰው እንድትደጋግመው ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ስድስተኛው፣ ደኅንነቷና ተከታዩ ሥራ ነው። ተጠርጣሪውን አስጠርቶ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ማፋጠጥ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ተጠርጣሪው የተያዘ እንደሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዋስ የተለቀቀም እንደሆነ ተበዳይቱ አስቀድማ ልትሰማ ይገባታል እንጂ በገበያ መካከል ድንገት ልታገኘው አይገባም። መርማሪው መዝገቡን ሳያዘገይ ለዐቃቤ ሕግ ያስተላልፍ። ለተበዳይቱም የመዝገቡን ቍጥር፣ የመርማሪውን ስም፣ ነገሩ የደረሰበትን ደረጃ ያስታውቃት። ችሎት በተቀመጠ ጊዜም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ በዝግ ችሎት መስማትን ስለሚፈቅድ፣ ይህን መጠየቅ እንደሚቻል ይነገራት።

በዚህ ላይ ከሰዎች አፍ የማይታጣ አንድ መከራከሪያ አለ፤ «ሐሰተኛ ከሳሽስ ብትሆን? የንጹሕ ሰው ስም ቢጠፋስ?» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባውም፤ የሰው ስም ክቡር ነውና። ነገር ግን ንጹሑን ሰው የሚያድነው ከሳሽቱን ከደጅ መመለስ አይደለም። ከደጅ የተመለሰ ነገር ከመንደር አይመለስም፤ ምርመራ ያልተደረገበት ሐሜት በደለኛውንም ንጹሑንም በአንድ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ቃሉ በጥንቃቄ የተጻፈ፣ የሐኪሙ ማስረጃ በጊዜው የተያዘ፣ ምስክሩ በትኩሱ የተጠየቀ እንደሆነ ግን እውነቱ በዚያም በዚህም ወገን ይገለጣል። ከሳሽቱን በአክብሮት መስማት ማለት ተከሳሹን መፍረድ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሽምግልና ነው። በአገራችን፣ ይልቁንም በጉራጌና በማረቆ ምድር፣ የሽማግሌ ቃል ታላቅ ክብር አለው። ብዙ ደም ያደረቀ፣ ብዙ ቂም ያጠፋ ሥርዓት ነው። ነገር ግን አስገድዶ መድፈር የግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሰው ነገር አይደለም፤ መንግሥት ራሱ የሚከስበት ወንጀል ነው። ስለዚህ በሁለቱ ቤተ ሰቦች መካከል ካሣ ተከፍሎ ዕርቅ ቢወርድ የቤተ ሰቡን ቂም ሊያበርድ ይችል ይሆናል እንጂ መዝገቡን አይዘጋውም። የካሣው ገንዘብም ብዙ ጊዜ በአባት ወይም በወንድም እጅ ይገባል፤ ተበዳይቱም በሸንጎው ሳትጠየቅ ነገሯ ይቈረጣል። መርማሪ ፖሊስም «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ የመለሰ እንደሆነ ተግባሩን ለሌላ ሰው ትቷል ማለት ነው።

ሴት በሸንጎ ስለ ራሷ መናገሯ ለጉራጌ አገር እንግዳ ነገር አለመሆኑን ታሪክ ያስረዳል። በምዕራቡ በኩል በሰባት ቤት ጉራጌ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አሰባስባ፣ የጆካ በተባለው ታላቅ ሸንጎ ፊት ቀርባ፣ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ የነበረው ሥርዓት ሴትን እንደሚበድል ተከራክራለች፤ ስሟም እስከ ዛሬ በቃል ታሪክና በትያትር ይነሣል። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ቁጭ ብለው ሰምተዋታል። እንግዲህ የዛሬ ሽማግሌ ለተበዳይቱ ሊያደርግላት የሚችለው መልካም ነገር ብዙ ነው፤ ወገኖቿ እንዳያሳድዷት ይገሥጻል፤ ምስክሮች ፈርተው እንዳይሸሹ ያበረታል፤ በቀል ፈልጎ መሣሪያ የሚያነሣውን ወንድም ያበርዳል፤ እርስዋንም አጅቦ ወደ ጣቢያው ያደርሳታል። ይህን ሲያደርግ ሽምግልናውና ሕጉ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

በሌሎች አገሮችም ይህ አሳብ ብዙ ደክሞበታል። በብራዚል አገር በ1985 እ.ኤ.አ. በሳው ፓውሉ ከተማ ለሴቶች ጉዳይ ብቻ የሚሠራ የፖሊስ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከዚያም በየከተማው ተስፋፋ። በደቡብ አፍሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሙ፣ መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ስፍራ የሚገናኙባቸው ቤቶች በሆስፒታሎች ውስጥ ተቋቋሙ፤ ስማቸውም ቱቱዜላ ተባለ፤ ይኸውም በኮሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው። በአዲስ አበባም በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ በዚሁ አምሳል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቶ፣ ተበዳይቱ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሳትንከራተት ሕክምናውንም ምክሩንም ምርመራውንም በአንድ ደጅ እንድታገኝ ሆነ። እንዲህ ያለው ማዕከል በየትንሹ ከተማ ወዲያው ይቋቋም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የማዕከሉ ቁም ነገር በሕንፃው አይደለም፤ ሐኪሙና ፖሊሱ ዐቃቤ ሕጉም አስቀድመው ተስማምተው አንዱ የሌላውን ስልክና ተግባር ማወቃቸው ነው። ይህ ደግሞ በቆሼም በቡታጅራም ያለ ብዙ ወጪ ሊሆን የሚችል ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጃችሁ፣ እኅታችሁ ወይም በቤታችሁ የምትሠራው ሠራተኛ ይህን የመሰለ ነገር ደርሶብኝ ነበር ብላ የነገረቻችሁ እንደሆነ፣ አስቀድማችሁ «እንኳን ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ቍጣችሁን በእርስዋ ላይ አታፍስሱ፤ «የቤታችንን ስም አጠፋሽ» የሚለው ቃል ከበዳዩ ጦር ይልቅ ጠልቆ ይወጋታልና። ሰዓቱን ተመልከቱ፤ ልብሷን አስቀምጡላት፤ ወደ ሐኪምም ወደ ፖሊስም ስትሄድ አብራችኋት ሂዱ እንጂ በእርስዋ ፈንታ አትናገሩላት። ወደ ጣቢያ መሄዱን ያልወደደች እንደሆነም በግድ አትጎትቷት፤ ሕክምናው ግን በምንም ምክንያት አይቅርባት። ይልቁንም የሠራተኛይቱ ነገር እንዳይዘነጋ እናሳስባለን፤ ወላጆቿ በሩቅ ያሉ፣ ገንዘብም ወዳጅም የሌላት እርስዋ ናትና። በዳዩ የቤቱ ሰው ቢሆን እንኳ የጌታው ክብር የሚጠበቀው በመሸፈን ሳይሆን ለእውነት በመቆም ነው።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ብናመለክት አይከፋችሁም ብለን እናምናለን። በምታስተዳድሩት ከተማ ወዳለው ጣቢያ በሄዳችሁ ጊዜ አራት ነገር ጠይቁ። በሩ የሚዘጋ የቃል መቀበያ ክፍል አለን? ሴት መርማሪ ወይም ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው አለን? በሌሊት የመጣችን ተበዳይ ወደ ሐኪም የሚያደርስ መጓጓዣና የሚከፍልላት በጀት የተመደበ ነውን? ባለፈው ዓመት በዚህ ወንጀል ቃላቸውን የሰጡ ሴቶች መዝገባቸው ከምን ደረሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያዘጋጅ ጣቢያ፣ ከዚያ በኋላ የምትመጣውን ሴት እንዴት እንደሚቀበላት ያውቃል።